ቅሬው የማይቆጥራቸው ጎረቤቶች

ይህ ጽሑፍ ደሴ ላይ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ አብያተ ክርስቲያናት ለመጡ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ የደሴ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። አስተባባሪዎቹ «ስለ በጎ ፈቃድ አንድ ነገር በል» ብለውኝ ነው። እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ ግንበኛ ነኝ። በሥራ ቀን ከድንጋይና ከስሚንቶ ጋር እውላለሁ። በእረፍቴ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያናችን የበጎ አድራጎት ክፍል ልጆች ጋር ጎርፍ የገባበት፣ ግድግዳ የወደቀበት ቤት እየሄድን እንሠራለን። ስለዚህ መርዳት ጥሩ ነገር መሆኑን ላስረዳችሁ አልሞክርም። እሱን ባታምኑበት ኖሮ እዚህ አትቀመጡም ነበር።

አደጋ በደረሰበት ቀን ደሴ ውስጥ ሰው አይጠፋም። «ኡኡ!» ሲባል ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። አንዱ አካፋ ይዞ፣ አንዷ ጋቢ ይዛ፣ አንዱ ደግሞ ባዶ እጁን ለወሬ። ክርስቲያን ነህ እስላም ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህ የወሎ ወግ ነው፤ እኛ አላመጣነውም። ችግሩ የሚጀምረው ከሳምንት በኋላ ነው። ወሬው ይቀዘቅዛል፣ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ሸራ ሥር የገባው ቤተሰብ ግን እዚያው ነው። ሌላም አለ። በመጀመሪያው ቀን እንኳ ማንም ልብ ያላላቸው ሰዎች አሉ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ቦታው እነዚህ ጋ ይመስለኛል፦ ያልታዩት ሰዎች ጋ፣ ደግሞም ሁሉም ከሄደ በኋላ።

ደሴ የተቀመጠችበትን ቦታ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በአንድ በኩል ጦሳ ተራራ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል፣ መሐል ለመሐል ቦርከና ወንዝ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነን። ቦርከና በዶሮ መዝለያ በኩል አድርጎ ኮምቦልቻ ሲደርስ 600 ሜትር ያህል ወርዷል፤ በመኪና መንገድ ቢቆጠር ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ቁልቁለት የሚወርድ ውሃ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ፒያሳ ላይ የጣልነው ላስቲክ ኮምቦልቻ ሄዶ ቱቦ ይደፍናል። የኮምቦልቻ ልጆች እዚህ አላችሁ መሰለኝ፤ በከተማችን ስም ይቅርታ።

አፈሩን እንደ ግንበኛ ልንገራችሁ። ላዩን ስታዩት የታመነ ይመስላል። ከሥር ያለው ግን ለረጅም ዘመን የበሰበሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከላይ ሸክላማ አፈር። በጋ ይሰነጣጠቃል፤ ክረምት በስንጥቁ ውሃ ይጠጣል። ውሃው እየሰረገ ሄዶ ጠንካራው አለት ላይ ሲደርስ መውጫ ያጣል፣ እዚያው ይተኛል። ከዚያ በኋላ ላይኛውን አፈር የሚይዘው ነገር የለም። እኛ ደግሞ እናግዘዋለን። ቤት ለመሥራት ብለን ዳገቱን ከሥሩ እንቆርጣለን። የጣሪያችንን ውሃ ጓሮ እንለቃለን። ከአፋፉ ላይ የሽንት ቤት ጉድጓድ እንቆፍራለን። ከታች ቦርከና ዳርቻውን ይበላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሰኔ ላይ ነው። ቱቦ መጥረግ። ለፎቶ አይመችም፣ ይሸታል፣ መዝሙር አይዘመርበትም። ግን አንድ የተደፈነ ቱቦ ከከፈታችሁ፣ ነሐሴ ላይ ከሚታደለው ብርድ ልብስ ስንቱን እንደምታስቀሩ አስቡት። ስትጠርጉ ደግሞ ያወጣችሁትን ጭቃ ቱቦው አፍ ላይ ከምራችሁት አትሂዱ። ስንት ጊዜ አይቻለሁ! በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል።

ከቱቦው ቀጥሎ ቤት ማየት ነው። መጀመሪያ የሚናገረው በር ነው። ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ ከላይ በኩል ከያዘ፣ መቃኑ ዘሟል ማለት ነው። የቤቱ እማማ «ኧረ እንጨቱ በዝናብ አብጦ ነው ልጄ» ይሏችኋል። ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን ወጥታችሁ የቤቱን ጀርባ ዙሩ። መሬቱ ላይ የጎበጠ ስንጥቅ ካለ፣ ስንጥቁም በአጥሩ ሥር አልፎ ጎረቤት ግቢ ከገባ፣ ነገሩ የእንጨት አይደለም። የመብራት ምሰሶው ዘንበል ብሏል? ድሮ ያልነበረ ምንጭ ፈልቋል? ወይም የነበረው ምንጭ ደፍርሷል? ስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ችንካር ምቱ። መሐላቸውን በሜትር ለኩና ቁጥሩን በእስክሪብቶ በር ላይ ጻፉት። በማግስቱ ለኩ። ከዝናብ በኋላ ለኩ። ቁጥሩ ከጨመረ እማማን ለማሳመን ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ራሳቸው ያዩታል። ያን ሌሊት እዚያ ቤት ማንም አይደር። ለቀበሌውም ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። «ያሰጋል» ከማለት «በአራት ቀን ሦስት ሴንቲ ሰፍቷል» ማለት ሰው ያስነሳል።

አሁን ከባዱን ልንገራችሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን አትረሱትም። በከባድ ዝናብ ዳገቱ ተንዶ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት ሊያወጣቸው ሮጦ መጣ። በዶማ፣ በአካፋ፣ በባዶ እጅ መቆፈር ጀመረ። ያኔ ሁለተኛው ናዳ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሊረዱ የመጡ ነበሩ። እኛም ብንሆን የምናደርገው ያንኑ ነው። ጦሳ ሥር የሆነ ቤት ቢናድ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መቶ ሰው እዚያው አፈር ላይ ይቆማል።

ናዳ በወረደበት ቦታ አንድ ሰው ሥራው ወደ ላይ ማየት ብቻ ይሁን። አካፋ አይንካ፣ ስልክም አይንካ። ፊሽካ አንገቱ ላይ ይንጠልጠል። ፊሽካው ሲነፋ ወዴት እንደሚሮጥ ሁሉም አስቀድሞ ይወቅ፤ ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች አይደለም። የሚቆፍሩት ጥቂት ይሁኑ፣ የቀረው ሕዝብ ከናዳው መንገድ ውጪ ይቁም። እናንተ ወጣቶች ከመቆፈር ይልቅ ሕዝቡን ወደ ጎን በማስወጣት ብዙ ነፍስ ታድናላችሁ። ይህ ለጉልበተኛ ልጅ እንደማይጥም አውቃለሁ። ዝናቡ ቆመ ማለት ደግሞ አለቀ ማለት አይደለም፤ ውሃው አፈር ውስጥ ገና መንገድ ላይ ነው። ወንዝ በዝናብ መሐል ድንገት ከቀነሰ ከላይ የሆነ ነገር ገድቦታል። ዳሩ ላይ አትቁሙ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ስለ ጎርፍ ብዙ አልልም። በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ሰው ተኝቶ ነበር። ስለዚህ ወንዝ ዳር ላሉ ቤቶች የሌሊት ተረኛ ያስፈልጋል። ጉልበት የማይደርስ የሚሮጥ ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ «እኔ እሻገራለሁ» የሚለውን ጀግና በቀበቶው ያዙት። መሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ የሩቅ ነገር አይምሰላችሁ። ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ ካራ ቆሬ አካባቢ፣ በ1953 ግንቦትና ሰኔ መሬቱ ደጋግሞ ተናውጦ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አደጋ ደረሰ እንበል። መጀመሪያ የምንሄደው የት ነው? እኔ ወደ ቅሬው፣ ሌላው አገር ዕድር ወደሚለው የሰፈር መረዳጃ ማኅበር፣ እላለሁ።

ቅሬ ውስጥ ያለውን እውቀት የትኛውም ኮሚቴ የለውም። የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም መሪው፣ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ ያውቃል። ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች ያውቃል። የማን ልጅ ዓረብ አገር ሆና ብር እንደምትልክ፣ የማን ልጅ ደግሞ መላክ እንዳቆመች ያውቃል። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ ያለበት ቤት ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው። ጥሩንባ ተነፍቶ ያልወጣ አባል ይቀጣል። እኛ «የተጎጂዎች መረጃ» ብለን ላፕቶፕ ላይ የምንደክምበትን እሱ በቃሉ ይዞታል። ደግሞም ቅሬው የሰፈር ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብርበታል።

ስለዚህ ሰፈር ስትገቡ ባነር ዘርግታችሁ አትግቡ። ቲሸርቱም ባይኖር አይከፋኝም፤ አንዳንዴ ለቲሸርት የሚወጣው ብር ስንት ቆርቆሮ ይገዛ ነበር እላለሁ። ዳኛውን ፈልጉ። «ጋሼ፣ ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣነው። ጉልበት አለን፣ ትንሽ ብርም አለን። ከየት እንጀምር?» በሉ። ሼኽ ከሆኑም ያው ነው፤ «ሼኾቼ፣ እርስዎ ያዙን» ብላችሁ ቀርባችሁ ጠይቁ። ሲያዟችሁ ደግሞ ታዘዙ። ጉድጓድ ቆፍሩ ካሉ ቆፍሩ። ሂዱና ሻይ አፍሉ ካሉም አፍሉ።

ግን ቅሬም የማያየው ቦታ አለ። ቅሬ የሚቆጥረው አባሉን ነው፣ መዋጮ የሚከፍለውን። ተከራይ ብዙ ጊዜ አባል አይደለም። ከገጠር መጥተው አምስት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩ የቀን ሠራተኞች በየትኛውም ቅሬ የሉም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የገባች፣ ገና ሁለት ወር ያልሞላት ልጅ የለችም። ተፈናቅሎ መጥቶ ዘመድ ጓዳ የተጠጋ ቤተሰብ የለም። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅማ በአሠሪዋ ቁጥር ውስጥ እንኳ አትገባም። እነዚህ ሰዎች የትኛውም ዝርዝር ላይ አይገኙም። ጥሩንባ አይነፋላቸውም።

አንድ ግቢ ላሳያችሁ። ቦታውን አልናገርም። ቦርከና ዳር ነው። በሌሊት የኋላ አጥሩ ወደቀና ውሃ ገባ። ከፊት ያለው የባለቤቱ ቤት በድንጋይ መሠረት ከፍ ያለ ነው፤ ምንም አልሆነ። ጉዳት ሊመዘግቡ የመጡት ሰዎች የውጭ በር ላይ ቆመው አዩና «እዚህ ደህና ነው» ብለው አለፉ። ከጓሮ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። እዚያ ውሃው አልጋ ድረስ ደርሶ ነበር። አንዷ ክፍል ውስጥ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ትኖራለች። የጤፍ ዱቄቷ ማዳበሪያ ውስጥ እንዳለ ጠጥሯል። ቡሃቃው ላይ የነበረው ሊጥ ጭቃ ገብቶበታል። ምጣዷ ለሁለት ተሰንጥቋል። ግድግዳው ላይ የውሃው ምልክት ቡናማ መስመር ሆኖ ቀርቷል፤ ከመስመሩ በላይ የልጇ የትምህርት ቤት ፎቶ ተሰቅሏል፣ እሱ አልረጠበም። ልጆቻችን የልብስ ጆንያ ይዘውላት ገቡ። አየችው። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ልብስስ አለኝ። የሌለኝ ምጣድ ነው» አለች።

ምጣድ ገዛንላት። 25 ኪሎ ጤፍም ጨመርን። እርሾውን ጎረቤቷ ሰጠቻት። ከዚያ ግቢ መጀመሪያ ራሷን የቻለች እሷ ናት። የልብሱ ጆንያ ግን ወደ መጋዘናችን ተመለሰ፤ ገና እዚያው አለ።

ልብስ ሰው በቀላሉ የሚሰጠው ቁም ሳጥኑ ስለሞላ ነው። ተረከዙ የተሰበረ ጫማ፣ ዚፑ የማይሠራ ጃኬት ይመጣል። እሱን ለመለየት አሥር ልጅ ሙሉ ቀን ይውላል። ጠይቃችሁ አምጡ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ጄሪካን፣ ሳሙና፣ ድስት፣ ከሰል፣ ብርድ ልብስ ነው። ሴቶች ለወንድ አስተባባሪ የማይነግሩት ደግሞ ሞዴስ አለ። ስለዚህ ጥያቄውን ሴት ልጅ ትጠይቅ። ውሃን በተመለከተ፣ በዓለም የእርዳታ ሥራ የሚታወቀው ዝቅተኛ ልክ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው። ለአምስት ሰው ቤተሰብ ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን አራት መሆኑ ነው። አንድ ጄሪካን ሰጥታችሁ «ውሃ አዳረስን» አትበሉ። ጎርፍ የነካውን ውሃ አፍልቶ መጠጣት ነው፤ ወይም «ውሃ አጋር» የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ መጨመር። ተቅማጥ ከጀመረ ደግሞ ጤና ጣቢያ እስኪደረስ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው አታብዙ።

ምግቡ ላይ ወሎ የራሷ ጣጣ አላት። ዝናቡ በሚበረታበት ሰሞን ፍልሰታ ይገባል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15። የኦርቶዶክሱ ሰው ሥጋና ወተት አይቀምስም። ሙስሊሙ ጎረቤት ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ክርስቲያኑም የእሱን። ሠርግ ላይ ሁለት ቦታ የምንጥደው ለዚያ ነው። አደጋ ላይ ሁለት ቦታ ለመጣድ ጊዜ የለም። ሽሮ ሥሩ። ምስር፣ ክክ፣ ንፍሮ፣ ዳቦ። ዘይት ብቻ፤ «ትንሽ ቅቤ ጣል ላድርግበት» የምትል እናት ካለች በፍቅር ያዟት። አንድ ብረት ድስት ሰፈሩን ሁሉ ያበላል። ረመዳን የሆነ ጊዜ ደግሞ ምግቡ ለማፍጠሪያ ይድረስ እንጂ እኩለ ቀን ላይ ተሰልፉ አይባልም። ብረት ድስቱን ከቅሬው ተዋሱ። ስትመልሱ በደንብ ታጥቦ ይሁን፤ በዚህ ነው የሚታዘቡን።

ከዱቄቱ ጋር ስብከት አይሰጥም። ይህን በግልጽ እናገራለሁ፣ የሚከፋው ካለ ይቅር ይበለኝ። እ.ኤ.አ. በ1994 የቀይ መስቀልና የእርዳታ ድርጅቶች የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ እርዳታ የሃይማኖትም ሆነ የፖለቲካ ዓላማ ማራመጃ አይሁን ይላል። እሱ የዓለም ነው። እኛ ደግሞ የራሳችን ምክንያት አለን። ቦሩ ሜዳ እዚህ አጠገባችን ነው። በ1870 እዚያ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ከዚያ በፊት ኢማም መሐመድ አሊ ነበሩ። ታሪኩን ማንንም ለመክሰስ አላነሳሁትም። ግን አንድ ክርስቲያን ወጣት ዱቄት ተሸክሞ ሙስሊም ደጅ ላይ ሲቆም፣ አባወራው አያቱ ያወሩት ትዝ ሊለው ይችላል። መጽሐፍ ወይም ትራክት ከኪሳችሁ ብቅ ካለ ያ ዱቄት ሌላ ነገር ይሆናል። እርስ በርሳችንም ያው ነው። የወንጌላውያን ልጆች ኦርቶዶክስ ቤት፣ የኦርቶዶክስ ልጆች የወንጌላውያን ቤት ስትገቡ ክርክሩን በር ላይ ተዉት። «ለምን መጣችሁ?» ካሏችሁ «ጎረቤት ነን» በሉ፤ ውሸት አይደለም። ፎቶም አታንሱ። ካስፈለገ የጠረጋችሁትን ቱቦ አንሱ፣ ሰውየውን አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ «ከሌላው ቤተ ክርስቲያን ልጆች ጋር እንዴት አብረን እንሠራለን?» እያላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ይህ አገር ከዚህ የባሰ አይቶ አብሮ ሠርቷል። የወሎ ድርቅ በተባባሰበት በ1965 ነው ሲ አር ዲ ኤ በሚል ምህጻር የምናውቀው የክርስቲያን የእርዳታና የልማት ድርጅቶች ኅብረት የተቋቋመው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንም ዕድሜው ያንኑ ያህል ነው። በ1977 ረሃብና ከዚያ በኋላ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና መካነ ኢየሱስ በጋራ እህል አጓጉዘዋል። ያኔ ኮረም ላይ ለወደቀው ሰው እህሉን የጫነው መኪና የማን እንደሆነ ጉዳዩ አልነበረም።

ስለ መመለስ ልናገርና እጨርሳለሁ። የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ካህኑ አለፈ፣ ሌዋዊው አለፈ፣ ሳምራዊው ቆመ፣ ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰ። ስብከቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ያበቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሰውየውን እንግዳ ማደሪያ ወሰደው። በማግስቱ ለባለቤቱ ሁለት ዲናር ሰጠ። ከዚህ በላይ የምታወጣውን ስመለስ እከፍልሃለሁ አለው። ጉዞውን ትቶ አስታማሚ አልሆነም። ቤት ያለውን፣ ማስታመም የሚችለውን ሰው ፈልጎ አስረከበ። ሊመለስም ቃል ገባ። እኔ ቅሬውን የማየው እንደዚያ ማደሪያ ባለቤት ነው። የእኛ ሥራ ሁለቱ ዲናርና መመለሱ ነው።

መመለሱ የሚሆነው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። በክረምት ጭቃ ቤት አይሠራም፤ አይደርቅም፣ ይፈርሳል። በክረምት የሚሠራው ጣሪያና ሸራ ነው። ቆርቆሮው ቢጣመምም አትጣሉት፤ በመዶሻ ይቃናል፣ የድሮው ሚስማር ቀዳዳ በሬንጅ ይደፈናል። መስቀል ካለፈ በኋላ ቅሬው ጅጌ፣ ማለትም ደቦ፣ ይጥራ። እኛ ጭድ፣ ሚስማርና ባሕር ዛፍ እናቅርብ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ይቆይ እንጂ በዚያው ቀን አይለጠፍም፤ የቸኮላችሁ እንደሆነ ተሰነጣጥቆ ታዩታላችሁ። የምሰሶው እግር የተቃጠለ ዘይት ይቀባ፣ ምስጥ ይፈራዋል። መሠረቱን በድንጋይ ከፍ አድርጉት። ከሁሉ በፊት ግን ስንጥቁ ያለፈበት ቦታ ላይ መልሳችሁ አትሥሩ። ሰውየው «የአባቴ ቦታ ነው» ይላል፤ ልክ ነው፣ ያሳዝናል። ቢሆንም አትሥሩ። ሌላ ቦታ የሚሰጠው መንግሥት ስለሆነ ከዳኛው ጋር ሆናችሁ ደጅ መጥናት ነው። ይህ ደግሞ ከመቆፈር በላይ ያደክማል።

የድጋፍ ግንብ የሚሠራ ካለ አንድ ነገር አደራ። ከግንቡ ኋላ የሚጠራቀመው ውሃ መውጫ ይፈልጋል። በየሜትር ተኩሉ አጭር የፕላስቲክ ቱቦ አሳልፉበት፣ ከኋላውም ጠጠር ሙሉ። ደሴ ውስጥ ሆዱን ነፍቶ የቆመ ግንብ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳ የለውም። ጋቢዮን የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ሽቦና ድንጋይ ስለሆነ ውሃውን በራሱ ያሳልፋል።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄ ነበር። ሦስቱን ልጻፍ።

አንድ ልጅ «ገንዘቡን ማን ይያዝ?» አለ። ሁለት ሰው ይፈርምበት፣ አንደኛው ከቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ከቅሬው። ሒሳቡም ቅሬው በሚሰበሰብበት ቀን በጆሮ ይነበብ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አይበቃም፣ ብዙዎቹ አያነቡትም። ሚስማር የተገዛበት ሃምሳ ብር ሳይቀር ይነበብ። ሰው ሒሳብ ሲሰማ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ያዋጣል።

አንዲት እህት «ተከራዮቹን እንዴት ነው የምናገኛቸው? ባለቤቱ ላያስገባን ይችላል» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ባለቤቱ የሚፈራው ነገር አለው፤ የቤት ግብር ይሆናል፣ ያለ ፈቃድ የሠራው ሰርቪስ ይሆናል። ስለዚህ መዝገብ ይዛችሁ በፊት በር አትግቡ። ጠዋት ከቦኖ ውሃ ጋ ቁሙ። ማታ ከፋብሪካ ሰርቪስ አውቶቡስ የሚወርዱትን ጠይቁ። ሱቁን ጠይቁ። ዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ ጓሮ ማን እንዳለ ከባለቤቱ በላይ ያውቃል። ስማቸውን ስታገኙ ለቅሬው ዳኛ ንገሩት፣ በግማሽ መዋጮም ቢሆን እንዲያስገባቸው ለምኑት። አንዳንዱ እሺ ይላል። እምቢ የሚልም አለ፤ ለእሱ ደግሞ የመጀመሪያውን ወር መዋጮ ቤተ ክርስቲያን ብትከፍልስ ብዬ አስባለሁ። ይህን ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተነጋገሩበት።

የመጨረሻው ከኮምቦልቻ የመጣ ልጅ ነው። «እኛ ጋ ዳገት የለም፣ ስንጥቁን ማን ይለካል?» አለና ሰዉ ሳቀ። እናንተ ጋ የሚለካው ውሃው ነው። ድልድዩ ምሰሶ ላይ በየሃምሳ ሴንቲው ቀለም ቀቡ። ደሴ ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ከዚህ ስልክ ይደወልላችኋል፤ ውሃው እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት ትንሽ ጊዜ ታገኛላችሁ። ቁጥር እንለዋወጥ ብያቸው ከሁለቱም ከተማ ሦስት ሦስት ልጅ ተመረጠ። ለደሴዎቹ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ከጦሳ ሥር እንጀምራለን፤ ሜትር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ችንካሩን እኔ አመጣለሁ።